ካሜራሽን ከማውጣትሽ በፊት

ልጄ፣ ከአእምሮ ሕክምና የወጡ ሰዎች ትተውት የሄዱትን ዕቃ ፎቶ ላነሳ ነው ስትዪኝ ደስ አለኝ፤ ደግሞም ሰጋሁልሽ። ስለዚህ ይህን ጻፍኩልሽ።

1. አስቀድመሽ የዊላርድን ታሪክ እወቂ። ኒው ዮርክ ግዛት የነበረው ይህ የአእምሮ ሆስፒታል በ1995 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ፣ ከአንድ ሕንፃ ጣሪያ ሥር ከ400 በላይ ሻንጣዎች ተገኙ። ሕሙማኑ ሲገቡ ያስረከቧቸው ናቸው። ብዙዎቹ ባለቤቶች እዚያው አርፈዋል። ጆን ክሪስፒን የተባለ ፎቶ አንሺ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሻንጣዎቹን እየከፈተ አነሳቸው። ሥራውን አከብራለሁ። ነገር ግን እሱ አብዛኞቹን ባለቤቶች ጠይቆ ማስፈቀድ አይችልም ነበር፤ አንቺ ትችያለሽ።

2. ስለዚህ ባለቤቱን ፈልጊ። ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ታክማ የወጣች ሴት ዛሬ ገርጂ ወይም ሲኤምሲ ልጆቿን እያሳደገች ይሆናል። አያት አካባቢ ባለው፣ ቢኒያም በለጠ በመሠረተው መቄዶንያ የሚኖር ሰው ደግሞ ዕቃው እዚያው አጠገቡ ነው። ኃላፊው ቢፈቅድልሽ፣ ዘበኛው በሩን ቢከፍትልሽ፣ ያ የዕቃው ባለቤት ፈቃድ አይደለም። ደህና በሆነችበት ቀን፣ የምታምነው ሰው ባለበት ጠይቂያት። እሺ ብትልሽም ሌላ ቀን ተመልሰሽ ድገሚው፤ ሰው እንግዳን ላለማስቀየም እሺ ይላልና። ከፈቀደች ካሜራውን አስቀምጪና ስለ ዕቃው ትንገርሽ። አንቺ የተቀዳደደ ነጠላ ያየሽበት፣ ለእሷ የእናቷ ስጦታ ሊሆን ይችላል።

3. ክታብ ካገኘሽ ስፌቱን አትፍቺ። በቆዳ የተሰፋው እንዲዘጋ ተብሎ ነው። የጠበል ጀሪካኑንም ሆነ የተቋጠረውን ፌስታል እንዳለ አንሺው፤ ለፎቶ ብለሽ አታስተካክዪው፣ አታቆሽሺው።

4. ስም ተጠንቀቂ። ከቤሩት ወይም ከሪያድ ታመው በቦሌ ኤርፖርት የተመለሱ እህቶቻችን አሉ፤ አጋር ኢትዮጵያን የመሰሉ ድርጅቶች ተቀብለው ያስታምሟቸዋል። የእነሱን ሻንጣ ስታነሺ እጀታው ላይ የተንጠለጠለችውን የአየር መንገድ ወረቀት ልብ በዪ፤ ስምና የበረራ ቁጥር ታትሞባታል። ገልብጫት። ክዳኑ ውስጥ በእስክሪብቶ የተጻፈ ስልክ ቁጥርም አይታይ። ክሪስፒን ሙሉ ስም መጻፍ ይፈልግ ነበር፤ የታካሚ ምሥጢር ሕግ ከለከለው። ስም መደበቅ ሕመሙን ማሳፈሪያ ያደርገዋል የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። ቢሆንም እኛ ሰፈር እህቷ ታማ ነበር ተብሎ የሚቀር ጋብቻ፣ የሚነፈግ የኪራይ ቤት አለ። ስሜ ይጻፍ የምትል ካለች ግን ጻፊላት፤ ያ የእሷ ድፍረት ነው፣ አትንጠቂያት።

5. ብርሃኑ የመስኮት ይሁን። ፍላሽ የፖሊስ ማስረጃ ያስመስለዋል።

6. የታተመውን ፎቶ ከማንም በፊት ለዕቃው ባለቤት ውሰጂላት፤ ከኤግዚቢሽኑም፣ ከፌስቡክም በፊት። አይታው ይቅርብኝ ካለች እዚያው ፊቷ አጥፊው፤ ኮምፒውተርሽ ላይ ያለውንም ጭምር። ዕቃውን መውሰድ ከፈለገች ደግሞ ከተቀመጠበት አስወጥተሽ ታክሲ ድረስ አድርሺላት።