የቆምክበትን ሳታውቅ ድንጋይ አትስበር

ያቤሎ ለመስክ ሥራ የተመደበ የመንግሥት ጂኦሎጂስት ሻንጣው ውስጥ የሚከተው የታወቀ ነው፤ መዶሻ፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ፣ ኮምፓስ፣ ደብተርና ጂፒኤስ። ሰውን ጉድ የሚሠራው መጨረሻ ላይ የጠቀስኩት ነው።

የአገራችን ባለ 1፡50,000 ካርታዎች በአብዛኛው የተነሡት አዲንዳን በሚባል የልኬት መነሻ ነው፤ ነጥቡ ያለው ደቡብ ግብጽ ውስጥ ነው። አዲስ ጂፒኤስ ደግሞ ካልነካኸው በስተቀር የሚያነብልህ ደብሊውጂኤስ 84 በሚባል ሌላ መነሻ ነው። ሁለቱን ከቀላቀልክ እኛ አገር ከ200 ሜትር በላይ ትስታለህ። ካርታው ላይ 4 ሚሊሜትር ገደማ ብትሆን ነው፤ መሬት ላይ ግን ግራናይቱን ወስደህ ግናይሱ ላይ ታስቀምጠዋለህ። ለማዕድን ቀያሽ ደግሞ ይብሳል። የማዕድን ፈቃድ ወሰን በማዕዘን ነጥቦች ነው የሚጻፈው፤ ነጥቡ ሲንሸራተት የአንዱ ጉድጓድ የሌላው ይሆናል፣ ጠቡም ለመንደሩ ይተርፋል።

ስለዚህ ጠዋት ከመሰማራትህ በፊት ካርታው ላይ የምታውቀው የመንገድ መገናኛ ላይ ቆመህ አንብብና አመሳክር። ኮምፓስ ስታወጣም ከመኪናው ራቅ በል። እኔ አንድ ጊዜ የመኪናውን ቦኔት እንደ ጠረጴዛ ተጠቅሜ የለካሁትን ሁሉ በማግሥቱ በእግሬ ዞሬ ደግሜዋለሁ፤ ብረቱ መርፌዋን ስቧት ኖሯል።

አገሩ ለሥራው የተፈጠረ ነው። ያቤሎ ዙሪያ እጅግ ጥንታዊ ግናይስና ግራናይት አለ፤ ወደ ሜጋ ስትወርድ እሳተ ገሞራ የፈነዳበት፣ ቦረናዎች ጨው የሚያወጡበት የኤል ሶድ ጉድጓድ፤ ወደ ሻኪሶ በኩል የለገደምቢ ወርቅና የቀንጢቻ ታንታለም። በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመው የአገሪቱ የጂኦሎጂ ካርታ 1፡2,000,000 ነው፤ እዚያ ላይ አንድ ሚሊሜትር ማለት 2 ኪሎ ሜትር ነው። ደመወዝ የሚከፈልህ የዚያችን ሚሊሜትር ውስጥ እንድታሳይ ነው።

ዱብሉቅ ከቱላ ኤላዎች፣ ከቦረናዎች ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች፣ አንዱ ጋ ስትደርስ መዶሻህን አውርድ። ግድግዳው ንብርብሩን አፍ አውጥቶ ቢነግርህም ኤላው ባለቤት አለው፤ የውኃውን ተራ የሚመሩት አባ ሄሬጋ የሚባሉት ናቸው። መጀመሪያ ሰላም በላቸው፣ ከብቶቹ ጠጥተው እስኪወጡ ጠብቅ፣ ከዚያ አስፈቅድ። የቆምክበትን ማወቅ ይህንንም ይጨምራል።

ነገ የደብተርህ የመጀመሪያ መስመር ቀኑ፣ ቦታውና የጂፒኤሱ መነሻ ይሁን። ድንጋዩ ከሁለተኛው መስመር ይጀምራል።