ከ90 ቀን በላይ የዘገየ ተመላሽ ወለድ አለው

ጥያቄ፦ ዘጌ ላይ ቡና እነግዳለሁ። ገዢዎቼ ዊዝሆልዲንግ (ከክፍያ ላይ ቀድሞ የሚያዝ ግብር) ይቀንሱብኛል። የተቀነሰው ከዓመቱ ግብሬ በለጠ፤ ተመላሹን ስጠይቅ ግን መልሱ «ነገ ይመለሱ» ብቻ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ገንዘቡ የእርስዎ ነው። በፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 አንቀጽ 49 መሠረት፣ ብልጫው መጀመሪያ ሌላ የታክስ ዕዳ ካለብዎ ለዚያ ይውላል፤ ቀሪው ዓመታዊ ግብርዎን ካሳወቁበት ቀን ጀምሮ በ90 ቀን ውስጥ ይመለሳል። ቀኑ ካለፈ ወለድ ይታሰብልዎታል። ለወደፊት ግብር የሚያዘው በጽሑፍ ከተስማሙ ብቻ ነው። ዘጌ ያለው በአማራ ክልል ነውና፣ ግብር የሚከፍሉት ለክልሉ ከሆነ የክልሉን አዋጅ ይዩ። የዊዝሆልዲንግ ደረሰኞችዎን አያይዘው በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ያስቀሩ። ዘግይቶ የከፈለ ነጋዴ እንደሚቀጣ ሁሉ፣ መንግሥትም ቀኑን ማክበር ግዴታው ነው። መብትዎን በቃል ሳይሆን በወረቀት ይጠይቁ።