የባሕር ፓርክና ድንበር የማያግደው ሙቀት

ዓሣ አስጋሪን ለመከልከል በካርታ ላይ መስመር ማስመርና የጥበቃ ጀልባ ማሰማራት ይቻላል፡፡ ሙቀትን ግን በምን እንከልክለው? በአየር ንብረት ለውጥ ዘመን የባሕር ጥብቅ ሥፍራዎችን የማስተዳደር ዋነኛ ጥያቄ ይኸው ነው፡፡ ጥያቄውን በአውስትራሊያ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ በሚገኘው በግሬት ባሪየር ሪፍ የባሕር ፓርክ ምሳሌነት እንመልከት፡፡

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣ ሕግ የተቋቋመ ሲሆን 344,400 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2004 አከላለሉ ሲሻሻል ዓሣ ማስገር የተከለከለበት ክፍል ከ5 በመቶ በታች ከነበረበት ወደ 33 በመቶ ከፍ ብሏል፡፡ በነዚህ ሥፍራዎች ለገበያ የሚፈለጉ ዓሦች ቁጥር ጨምሯል፡፡ ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2016 የባሕሩ ሙቀት ሲያሻቅብ እጅግ የከፋው ጉዳት የደረሰው ከሰው ንክኪ ርቆ በቆየው በሰሜናዊው ክፍል ላይ ነበር፡፡ በ9 ወራት ውስጥ ከሪፉ ኮራል 30 በመቶ ያህሉ ጠፋ፡፡ ከዓሣ ማስገር የተጠበቀውም ያልተጠበቀውም ኮራል እኩል ነጣ፡፡

ኮራል ለምን ይነጣል?

ኮራል እንስሳ ነው፡፡ በአካሉ ውስጥ የሚኖሩ ደቂቅ አልጌዎች በብርሃን አስተጻምሮ ምግብ ያዘጋጁለታል፤ ቀለሙንም ይሰጡታል፡፡ ውኃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ይህ ሂደት ይዛባና ጎጂ የኦክስጅን ውሁዶች ይፈጠራሉ፤ ኮራሉም አልጌዎቹን ያስወጣል፡፡ ያን ጊዜ ነጭ አጽሙ ገሃድ ይወጣል፡፡ መንጣት ግን ሞት አይደለም፡፡ ሙቀቱ ቶሎ ከቀነሰ አልጌዎቹ ይመለሳሉ፤ ከቆየ ኮራሉ በረሃብ ይሞታል፡፡

ስለሆነም የሙቀቱ መጠንና ቆይታው በአንድነት ይለካሉ፡፡ ከአካባቢው እጅግ ሞቃት ወር አማካይ ቢያንስ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ የበለጠው ሙቀት በ12 ሳምንታት ውስጥ ይደመራል፡፡ ለምሳሌ አማካዩ 29 ዲግሪ በሆነበት ሥፍራ ውኃው ለ4 ሳምንታት 30.5 ዲግሪ ቢሆን፣ ድምሩ 1.5 × 4 = 6 ዲግሪ-ሳምንት ይሆናል፡፡ ድምሩ 4 ሲደርስ መንጣት፣ 8 ሲደርስ ደግሞ ሰፊ ሞት ይጠበቃል፡፡

የሁለት ጊዜያት ንጽጽር

የሪፉን ዕጣ የሚወስኑት ሁለት የጊዜ ርዝማኔዎች ናቸው፡፡ አንደኛው ኮራሉ ለማገገም የሚፈልገው ጊዜ ሲሆን፣ ፈጥነው ለሚያድጉት ዝርያዎች እንኳ 10 ዓመት ያህል ነው፡፡ ሁለተኛው በሁለት የመንጣት ክስተቶች መካከል ያለው ጊዜ ነው፡፡ በግሬት ባሪየር ሪፍ ሰፊ መንጣት የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1998፣ በ2002፣ በ2016፣ በ2017፣ በ2020፣ በ2022፣ በ2024 እና በ2025 ነው፡፡ ቀድሞ እስከ 14 ዓመት ይደርስ የነበረው ፋታ ወደ ሁለት ዓመትና ከዚያ በታች ወርዷል፡፡

የፓርክ አስተዳዳሪ ሊያሳጥር የሚችለው የመጀመሪያውን ጊዜ ነው፡፡ አልጌ የሚግጡ ዓሦች ሲጠበቁ የኮራል እጭ የሚያርፍበት ንጹሕ ዐለት ያገኛል፡፡ ከየብስ ከእርሻ ታጥቦ የሚመጣው ማዳበሪያና ደለል ሲቀንስ ውኃው ይጠራል፡፡ ኮራል የሚበላውን ባለ እሾህ የባሕር ኮከብ ጠላቂዎች አንድ በአንድ ያስወግዱታል፡፡ ከሁሉ በላይ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ከጥልቁ የሚወጣባቸውና የባሕር ሞገድ እጮቻቸውን ወደ ተጎዱት የሚያደርስላቸው ሪፎች ተለይተው ቅድሚያ ጥበቃ ሊያገኙ ይገባል፡፡ የድንበር አሠማመር ከእንግዲህ የሙቀትንና የሞገድን ካርታ ማየት ይኖርበታል፡፡

ሁለተኛውን ጊዜ ግን የትኛውም የፓርክ ሹም አያራዝመውም፡፡ ሙቀት አማቂ ጋዞች በምድር ላይ ካስቀሩት ትርፍ ሙቀት 90 በመቶ ያህሉን የወሰደው ውቅያኖስ ነው፡፡ የላይኛው 3 ሜትር ውኃ ብቻ የመላውን ከባቢ አየር ያህል ሙቀት የመያዝ አቅም ስላለው፣ አንዴ የገባው ሙቀት በቀላሉ አይወጣም፡፡ ጥሩ አስተዳደር ለኮራሉ ጊዜ ይገዛለታል፤ ያ ጊዜ እንዲበቃው ግን የጋዞቹ ልቀት መቀነስ አለበት፡፡