መጠጥ በአንዴ ማቆም ሊገድል እንደሚችል ያውቃሉ?



ዛሬ ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ስንሆን ደጋግመን ስለምናየው ነገር ላውራችሁ። ቤተሰብ አንድ ሰው ደግፎ ይመጣና «ዶክተር፣ መጠጥ ካቆመ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ደስ ብሎን ነበር። ከትናንት ማታ ጀምሮ ግን ግድግዳው ላይ ጉንዳን ይታየዋል፣ የሌለ ሰው ያናግራል» ይላል። አንዱ ለጾም ብሎ ያቆመ ነው፣ አንዱ ጠበል ሊገባ፣ ሌላው ደግሞ ቤት ተቆልፎበት። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ችግሩ በአንዴ መቆሙ ነው።

ለምን?

አልኮል ለአእምሮ እንደ ፍሬን ነው። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው አእምሮ ይህን ለማካካስ ነዳጅ አብዝቶ ይረግጣል። መጠጡ ድንገት ሲቀር ፍሬኑ ይለቀቃል፣ ነዳጁ ግን እንደተረገጠ ነው።

ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ፦

👉 ከ6 እስከ 24 ሰዓት፦ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ እንቅልፍ ማጣት
👉 እስከ 48 ሰዓት፦ እንደ ሚጥል በሽታ መንዘፍዘፍ
👉 ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን፦ መቀባዠር፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳት፣ የደም ግፊት መጨመር። ይህ ዲሊሪየም ትሬመንስ ይባላል፤ ካልታከመ ይገድላል።

ማንን ያሰጋል?

✔ ለወራት ወይም ለዓመታት በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ
✔ ጠዋት እጁን ለማረጋጋት የሚጠጣ
✔ ከዚህ በፊት ሲያቆም አንዘፍዝፎት የሚያውቅ

«ቢራ ብቻ ነው» ወይም «ለጨብሲ ብቻ ነው» ማለት አያድንም። ጫቱ በየቀኑ ከሆነ ጨብሲውም በየቀኑ ነው። አልፎ አልፎ ትንሽ የሚጠጣ ሰው ግን ይህ ስጋት የለበትም፤ ዛሬውኑ ያቁም።

ምን እናድርግ?

1. ከማቆማችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፤ እስከዚያ በገዛ እጃችሁ ድንገት አታቋርጡ። የምትጠጡትን መጠን ሳትቀንሱ ንገሩን፤ አንፈርድባችሁም።
2. ሕክምና አለው። እንደ ዳያዜፓም ያለ መድኃኒት ለጥቂት ቀናት እየተቀነሰ ይሰጣል፤ አእምሮን ለመጠበቅ ቫይታሚን ቢ1 ይጨመራል። መድኃኒቱን ራሳችሁ ገዝታችሁ አትውሰዱ፤ ከመጠጥ ጋር ከተቀላቀለ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።
3. ሰው ሲንዘፈዘፍ በጎኑ አስተኙት። ክብሪት አታሽትቱት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ። አምቡላንስ ጥሩ (907)።
4. የሚቀባዥረውን ሰው አትሰሩት፣ አትቆልፉበት። «ጋኔን ነው» ብላችሁም ቀን አትቁጠሩ፤ በቶሎ ሆስፒታል አድርሱት።

ጠበሉን ተዉ አላልኩም። ጸሎቱም ጠበሉም ከሕክምናው ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ግን ሐኪም ይከታተለው።

ወንድማችሁ ወይም አባታችሁ «ከነገ ጀምሮ በቃኝ» ካለ ትልቅ ውሳኔ ነው። አበረታቱት፣ ከዚያ አብራችሁት ጤና ተቋም ሂዱ።

ቤቱ የሚጠጣ ሰው ላለበት ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።