ስለ አሮጌ የድንጋይ ቤት ግድግዳ እርጥበት

በጎንደር ከተማ በዓመት ከሚዘንበው ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። በድንጋይና በጭቃ የተገነባ አሮጌ ቤት ያለው ሰው ይህን ጊዜ በሥጋት ያሳልፋል። ነሐሴ ላይ የውስጡ ልስን ያብጥና ይረግፋል፤ ሣጥንና ልብስም ይሻግታል። ባለቤቱም ክረምቱ እንዳለፈ ሲሚንቶ ገዝቶ ግድግዳውን ከውጭ ያስለስናል። አንድ ዓመት ያህል ያማረ መስሎ ከታየ በኋላ፥ እርጥበቱ ከቀድሞው ከፍ ብሎ በውስጥ በኩል ብቅ ይላል። ገንዘቡ ወጥቶ ቤቱ የባሰበት ስለምን እንደ ሆነ መመርመር ይገባል።

የአሮጌ ቤት ግድግዳ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው ሲሆን፥ በውጭና በውስጥ የተደረደረ ድንጋይ፥ በመካከሉም ጭቃና ጠጠር አለበት። ክር በላምባ ውስጥ ሲነከር ላምባው ወደ ላይ እንደሚሳብ ሁሉ፥ የመሬት ውሃም በጭቃው ቀጫጭን ቀዳዳዎች ወደ ላይ ይወጣል። ግድግዳው ገላው ክፍት ከሆነ የወጣው ውሃ በፀሐይና በነፋስ ይተናል። ሲሚንቶ ግን መተንፈሻውን ይደፍንበታል። ከዚያም በላይ ሲሚንቶ ደረቅ ስለ ሆነ፥ ግድግዳው በተነቃነቀ ጊዜ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ዝናብ መውጫ ያጣል። የመካከሉ ጭቃ ሲላላ ድንጋዩን የሚይዘው ነገር አይኖርም፤ ግድግዳውም ሆዱን ገፍቶ በክረምት ሌሊት ሊወርድ ይችላል።

ለዚህ ማስረጃ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻም። የፋሲል ግቢ አብያተ መንግሥት በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት የተገነቡት በድንጋይና በኖራ ነበር። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በተደረገው ጥገና ሲሚንቶና የብረት ኮንክሪት ገብቶባቸው ነበር፤ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተካሄደው እድሳት ግን ይህ ታርሞ ወደ ቀድሞው ኖራ ተመልሷል። ለነገሥታት ቤት ያልተስማማ ነገር ለጭቃ ግንብ ይስማማል ማለት ያስቸግራል።

ከሁሉ አስቀድሞ ውሃው ከየት እንደ መጣ መለየት ያስፈልጋል። ቆሻሻው መልክ ከጣራው ሥር ከጀመረ ጥፋቱ የቆርቆሮው ወይም የአሸንዳው ነው። ከወለሉ ተነሥቶ እስከ አንድ ሜትር ገደማ ቢደርስና በላዩ ነጭ ጨው ቢታይበት፥ ከመሬት የሚሳብ ውሃ ነው። ከቁም ሣጥን ጀርባና በማዕዘን ጥቁር ሻጋታ ብቻ ሲታይ ደግሞ፥ የሰው ትንፋሽና የድስት እንፋሎት በቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ወደ ውሃ ተለውጦ ሊሆን ይችላል፤ የዚህ መድኃኒቱ በቀን መስኮት መክፈትና ዕቃውን ከግድግዳው ፈቀቅ ማድረግ ነው። ያጠራጠረው ሰው አንድ ክንድ የማይሞላ የላስቲክ ቁራጭ በግድግዳው ላይ ዙሪያውን በደንብ ለጥፎ ሁለት ቀን ይቆይ። ላቡ በላስቲኩ ፊት ላይ ቢገኝ ከክፍሉ አየር፥ ከኋላው ቢገኝ ከግድግዳው የመጣ ነው።

ከጣራው ቀጥሎ የሚታየው በውጭ ያለው መሬት ነው። አመድና ጥራጊ ሲጣልበት፥ መንገድም በተጠገነ ቁጥር አፈር ሲጨመርበት፥ የደጁ መሬት ከቤቱ ወለል በላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይህ እንግዲህ የባለቤቱ ብቻ ሳይሆን መንገድ የሚያሠራው ሹም ጉዳይ ጭምር ነው፤ የመንገዱ ቦይ የሚፈስበት ቦታ ሳይታሰብ ከተሠራ፥ አንድ መንደር ሙሉ በግድግዳው ይከፍላል። የደጁ አፈር ከውስጡ ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እንዲልና ተዳፋቱም ከቤቱ እንዲርቅ ሆኖ መቈረጥ አለበት። ጠጠር የተሞላበት ቦይ ማውጣትም ይጠቅማል፤ ነገር ግን ከመሠረቱ ግርጌ በታች መቈፈር ቤቱን መጣል ነው። የጎረቤት ጣራ በግድግዳው ላይ የሚያንጠባጥብ ከሆነ፥ ነገሩ ወደ ዳኛ ሳይደርስ በሽማግሌ ፊት አሸንዳ ቢገባለት ከክርክሩ ወጪ ይልቅ ይረክሳል።

የሲሚንቶው ልስን የሚነሣው በበጋ፥ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፥ በትንሽ መዶሻና በመሮ ቀስ ተብሎ ነው። አስቀድሞ ግን ቱምቢ ተጥሎ ግድግዳው አለመጉበጡ ይታይ፤ ከጎበጠ በእንጨት ሳይደገፍ አይነካም። ጨው በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል እንጂ አይታጠብም፤ ውሃው ጨውን መልሶ ወደ ውስጥ ያስገባዋልና። ከዚያ መታገሥ ነው። ግድግዳ በመልካም አየር በአንድ ወር ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይደርቃል ተብሎ ይገመታል፤ በዚህ ስሌት 60 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፥ ከሁለቱም ወገን እየደረቀ፥ አንድ ዓመት ይፈጅበታል።

የተቦረቦረው መጋጠሚያ ከተሞላ በኋላ፥ አንድ እጅ ኖራ በሦስት እጅ ንጹሕ አሸዋ ተለውሶ፥ ግድግዳው ጥቂት ውሃ ከተረጨበት በኋላ በስሱ ይለሰናል። አንዱ ሳይጠና ሌላው አይደረብም። ፀሐይ እንዳያደርቀውም እርጥብ ጆንያ ለብሶ ጥቂት ቀናት ይቆያል፤ ኖራ የሚጠነክረው ከአየሩ ጋር ቀስ በቀስ ተዋሕዶ ነውና። ጥሬ ኖራ የሚያበርድ ሰው ኖራውን ወደ ውሃ ይጨምር እንጂ ውሃውን በኖራው ላይ አያፍስስ፤ ፈልቶ ሲፈናጠቅ ዓይን ያጠፋል፤ ሕፃናትም ከአካባቢው ይራቁ። ግምበኛ ሲሚንቶ የሚመርጠው ፈጥኖ ስለሚይዝና ደመወዙን በዚያው ሳምንት ስለሚቀበል ነው፤ ስለዚህ የኖራ ሥራ በቀን ሳይሆን በደረጃ ሒሳብ ቢዋዋሉት ሁለቱም ወገን አይጎዱም።

በመጨረሻ የሚቀባው የኖራ ቅብ ነው፤ የዘይት ቀለም እንደ ሲሚንቶው ሁሉ መተንፈሻ ይደፍናል። የሚቀጥለው ክረምት የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲዘንብም ባለቤቱ ጃንጥላ ይዞ ይውጣና፥ ውሃው ከጣራው የት እንደሚወድቅና በየት በኩል እንደሚሄድ ቤቱን ዞሮ ይመልከት።