የመጸው ቅጠል ከወረቀት

ልጆች ሆይ፤ የቸኰለ እጅ መልካሙን ነገር ያበላሻል፤ የታገሠ እጅ ግን ከተራ ወረቀት እንኳ የሚያምር ነገር ያወጣል። ዛሬ የምናነበው የጃፓን ሕፃናት በመጸው ወራት ወረቀት አጥፈው ስለሚሠሩት ሥራ ነው። ሥራው ትንሽ ነው፤ የሚያስተምረው ነገር ግን ትንሽ አይደለም።

ጃፓን በምሥራቅ እስያ ያለች፣ በባሕር የተከበበች የደሴቶች አገር ናት። በዚያ አገር መጸው የሚባለው ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ነው። በእኛ አገር ዝናሙ አባርቶ ሜዳው አደይ አበባ በሚለብስበት ወራት፣ በእነርሱ አገር ብርድ ይጀምራል፤ ብዙዎቹ ዛፎችም ቅጠላቸውን ለማራገፍ ይዘጋጃሉ። ቅጠሉ ከመውደቁ በፊት አረንጓዴው ቀለም ይጠፋል፤ በውስጡ ተሸፍኖ የኖረው ብጫም ይገለጣል፤ በአንዳንዱ ዛፍ ላይ ደግሞ ቀይ ቀለም እንደ ገና ይፈጠራል። ሞሚጂ የሚባለው ዛፍ ቅጠሉ እንደ ጣቶች የተከፈለ ነው። ስለዚህ ጃፓኖች የሕፃንን ትንሽ እጅ «እንደ ሞሚጂ ያለ እጅ» ይሉታል። ቅጠሉ በቀላ ጊዜም አባትና እናት ልጆቻቸውን ይዘው ለማየት ወደ ተራራው ይወጣሉ።

ወረቀት ማጠፍ በጃፓን ቋንቋ «ኦሪጋሚ» ይባላል። «ኦሪ» ማለት ማጠፍ፣ «ካሚ» ማለት ወረቀት ነው፤ ሁለቱ ቃላት በተጋጠሙ ጊዜ «ካ» ወደ «ጋ» ይለወጣል። ወረቀት ወደ ጃፓን ከገባ ከ1300 ዓመት በላይ ሆኖታል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1797 ዓመት፣ ከወረቀት ወፎችን ማጠፍ የሚያስተምር መጽሐፍ በኪዮቶ ከተማ ታተመ። በጀርመን አገርም በ1837 ፍሪድሪክ ፍሬበል የሚባል መምህር ለሕፃናት ትምህርት ቤት ከፈተ፤ እርሱም ሕፃናት በእጃቸው እየሠሩ እንዲማሩ ፈልጎ ነበርና ወረቀት ማጠፍን ከሥራዎቹ አንዱ አደረገው። በ1876 የእርሱን ትምህርት የሚከተል መዋዕለ ሕፃናት በቶኪዮ ተከፈተ። እንዲህም ከጃፓንና ከጀርመን የመጡት ሁለቱ ልማዶች በሕፃናት ገበታ ላይ ተገናኙ።

አሁን ሥራውን እንጀምር። አስቀድሞ ጐኖቹ እኩል የሆነ ወረቀት ያስፈልጋል። አንድ ፊቱ የተጻፈበት ወረቀትም ይበቃልና አዲስ አታባክኑ። ወረቀቱ ረጅም ከሆነ አንዱን ማዕዘን ይዛችሁ አጭሩ ጐን ከረጅሙ ጐን ጋር ልክ እስኪገጥም እጠፉት። ከዳር የተረፈውን ቁራጭ እጠፉና በጥፍር አጥብቃችሁ ቅደዱት። ወረቀቱ በተከፈተ ጊዜ አራቱ ጐኖቹ እኩል ይሆናሉ።

የመጀመሪያው ሥራ ፍሬ ነው። በጃፓን ካኪ የሚባል ቲማቲም የሚያህል ፍሬ አለ፤ በመጸው ይበስላል፤ ቀለሙም ብርቱካን ይመስላል። አራቱን የወረቀት ማዕዘኖች ጥቂት ጥቂት ወደ ኋላ እጠፉ፤ ወረቀቱም ክብ መስሎ ይታያል። ከላዩ ትንሽ አረንጓዴ ወረቀት በሙጫ ለጥፉ፤ እርሱ የፍሬው ዘውድ ነው። ከካኪ ወገን አፍ የሚያጣብቅና የማይበላ አለ። ጃፓኖች ግን አይጥሉትም፤ ልጠው በገመድ ከቤቱ ክዳን ጠርዝ በታች ይሰቅሉታል። ከብዙ ሳምንት በኋላ ደርቆ እጅግ ይጣፍጣል። ያጣፈጠው ስኳር ጨምሮበት የመጣ ሰው አይደለም፤ ጊዜና ትዕግሥት ነው።

ሁለተኛው ሥራ ቀበሮ ነው። ወረቀቱን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን አጥፋችሁ ሦስት ማዕዘን አድርጉት፤ ረጅሙ ጐን ወደ ታች ይሁን። የላይኛውን ጫፍ ወደ ታች እጠፉት፤ ይህ ግንባሩ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ከታችኛው ጐን መካከል ጀምራችሁ ቀኙንና ግራውን ጫፍ ሽቅብ እጠፉ፤ ጫፎቹ ከግንባሩ በላይ እንደ ጆሮ ይቁሙ። ገልብጡት፤ እነሆ አገጩ የሾለ ቀበሮ ያያችኋል። ዐይኑንና አፍንጫውን በእርሳስ ሣሉለት።

ሦስተኛው ሥራ ቅጠል ነው፤ ከሁለቱ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወረቀቱን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን አጥፋችሁ ክፈቱት፤ በመካከሉ መሥመር ይቀራል። መሥመሩ ከሚጀምርበት ማዕዘን ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ጐኖች ወደ መሥመሩ አምጥታችሁ እጠፉ። በሌላውም ጫፍ ያሉትን ሁለት አጫጭር ጐኖች እንዲሁ ወደ መሥመሩ እጠፉ። አሁን በሁለት ወገን የሾለ ቅርጽ ሆነ። በመሥመሩ ላይ ርዝመቱን ለሁለት እጠፉት፤ ከዚያም ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው፣ ሰያፍ አድርጋችሁ እንደ ሽንሽን ቀሚስ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አከታትላችሁ እጠፉት። በጥፍር አጥብቁትና ቀስ ብላችሁ ክፈቱት። የቅጠሉ ሥሮች በግራና በቀኝ ይታያሉ። ወረቀቱ ቀይ ወይም ብጫ ቢሆን የመጸው ቅጠል ይመስላል።

ሁለት ሕፃናት በአንድ ገበታ ተቀምጠው ይህን ቅጠል ይሠራሉ እንበል። አንዱ የመጀመሪያውን እጥፋት ሲያጥፍ ማዕዘኑ የጤፍ ፍሬ ያህል ሳይገጥም ቀረ። «ይህ ምን አላት? ማን ያየኛል?» ብሎ አለፈ። በሁለተኛው እጥፋት ስሕተቱ የስንዴ ፍሬ አከለ፤ በሦስተኛው የባቄላ አከለ፤ በመጨረሻው ቅጠሉ ወደ አንድ ወገን ተጣመመ። ከፍቶ ሊያቃናው ቢሞክር የፊተኛው መሥመር አልጠፋ አለው። ሁለተኛው ሕፃን ግን ማዕዘኑን ከማዕዘን ጋር አስተያይቶ ያጥፍ ነበርና፣ ኋላ ቢጨርስም ቅጠሉ ያማረ ሆነ። አባቶቻችን «የቸኰለ አፍሶ ለቀመ» ያሉት እንዲህ ላለው ነው።

ልጆች ሆይ፤ ወረቀት የታጠፈበትን አይረሳም። አንድ ጊዜ ከታጠፈ በኋላ በዚያው መሥመር ላይ ሁለተኛ መታጠፍ ይቀለዋል። የልጅነት ልብም እንዲሁ ነው። ዛሬ ትንሽ ሐሰት የተናገረ ልጅ ነገ ሐሰት ይቀለዋል፤ ዛሬ እየከበደውም ቢሆን እውነት የተናገረ ልጅ ነገ እውነት ይቀለዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን እጥፋት ተጠንቀቁ። ነገር ግን አንድ ጊዜ ጠማማ የታጠፈ ወረቀት ይጣላልን? አይጣልም። በዚያው መሥመር ላይ ወደ ሌላው ወገን መልሶ፣ አጥብቆ ማጠፍ ይገባል። መሥመሩ ፈጽሞ ባይጠፋም ወረቀቱ ለአዲሱ እጥፋት ይታዘዛል። ክፉ ልማድ የያዘውም ልጅ እንዲሁ በብርቱ ጥረት ይመለሳል።

ደግሞ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ያላችሁ ይህን ሥራ አስተምሯቸው። ስታስተምሩም ወረቀቱን ከእጃቸው አትንጠቁ። የእናንተን ወረቀት በፊታቸው አኑራችሁ አንድ እጥፋት እጠፉ፤ እነርሱም እስኪያጥፉ ቈዩ። የእነርሱ ቀበሮ አንድ ጆሮው ቢያጥር አትሣቁባቸው። በእናንተ እጅ ከተሠራ ያማረ ቀበሮ ይልቅ፣ በገዛ እጁ የሠራው ጆሮ አጭሩ ቀበሮ ለሕፃኑ የበለጠ ትምህርት ይሆነዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳልና።

ጥያቄ

1. «ኦሪጋሚ» ማለት ምን ማለት ነው?
2. በጃፓን አገር በመጸው ወራት የዛፍ ቅጠል ምን ይሆናል?
3. አፍ የሚያጣብቀው ካኪ የሚጣፍጠው በምን ምክንያት ነው?
4. የመጀመሪያው ሕፃን ቅጠል ስለ ምን ተጣመመ?
5. «ወረቀት የታጠፈበትን አይረሳም» የሚለው ነገር ስለ ልማድ ምን ያስተምረናል?
6. ታናሽ ወንድምህን ስታስተምር ወረቀቱን ከእጁ መንጠቅ የማይገባህ ለምንድር ነው?