በሶላት ውስጥ «አላህ ምን ይመስላል?» የሚል ሐሳብ ሲመጣ

 

ብዙ ወጣቶች ለማንም ሳይናገሩ የሚሸከሙት ጭንቀት አለ። «አላሁ አክበር» ብለው ሶላት ይገባሉ፤ ፋቲሓን እየቀሩ ሳለ ሳይፈልጉት አንድ ምስል በሐሳባቸው ብቅ ይላል። ብርሃን፣ ዙፋን፣ ወይም ፊልም ላይ የታየ ነጭ ጢም ያለው ሽማግሌ። ይደነግጣሉ። «ሺርክ ውስጥ ገባሁ እንዴ? ኢማኔ ተበላሸ?» አንዳንዱ በዚህ ፍርሃት ሶላቱን ደጋግሞ ያቋርጣል፤ አንዳንዷም ጭራሽ መስገድ ይከብዳታል።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ መጀመሪያ ይህን ያዙ፦ ያ የመጣባችሁ ምስል አላህ አይደለም፤ ሊሆንም አይችልም። አእምሯችን የሚሥለው ካየው ነገር እየቀነጨበ ነው። የወርቅ ተራራ አስቡ ብትባሉ ታስባላችሁ፤ ምክንያቱም ወርቁንም ተራራውንም አይታችኋል። አላህን ግን አላየነውም፤ ብጤም የለውም። እርሱን የሚመስል ምንም ነገር እንደሌለ በሱረቱ ሹራ አንቀጽ 11 ነግሮናል። ልብ በሉ፣ ያው አንቀጽ እዚያው ላይ ሰሚና ተመልካች መሆኑንም ይነግረናል። ስለዚህ «ምንም አይታወቅም» ብለን አንተወውም። ይሰማል፤ መስማቱ ግን እንደ እኛ መስማት አይደለም። ጀነት እንኳ፣ ፍጡር ሆና ሳለች፣ በውስጧ ለደጋግ ባሮች የተዘጋጀው ጸጋ በማንም ሰው ልብ ውል ብሎ እንደማያውቅ በሐዲሰል ቁድስ ተነግሯል። ፈጣሪዋማ እንዴት ይሣላል?

በ179 ዓመተ ሒጅራ ወደ አኺራ የሄዱት የመዲናው ዓሊም ኢማሙ ማሊክ (ረሒመሁላህ) ዘንድ አንድ ሰው መጣ። በዐርሽ ላይ ስለሆነው ኢስቲዋእ የሚናገረውን የሱረቱ ጣሃ አንቀጽ 5 አንስቶ «እንዴት?» ሲል ጠየቃቸው። አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ፤ ላብ አጠመቃቸው። ከዚያ ኢስቲዋእ የታወቀ፣ አኳኋኑ ግን በአእምሮ የማይደረስበት፣ በእርሱ ማመን ግዴታ፣ «እንዴት» ብሎ መጠየቅ ደግሞ ቢድዓ መሆኑን መለሱ። እርሳቸውን ላብ ያጠመቃቸው ጥያቄ ዛሬ በየቴሌግራም ግሩፑ በሁለት መስመር ሲመለስ እናያለን!

ወደ ጭንቀቱ እንመለስ። ከሶሐቦች የተወሰኑት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥተው፣ ለመናገር እንኳ የሚከብድ ሐሳብ በውስጣቸው እንደሚመጣ ነገሯቸው። አልተቆጧቸውም። ይልቁንም ይህ ግልጽ ኢማን መሆኑን ነገሯቸው (ሙስሊም ዘግበውታል)። ሐሳቡ ራሱ ኢማን ሆኖ አይደለም፤ መክበዱና መጥላታቸው ነው። ሸይጧን «ጌታህንስ ማን ፈጠረው?» እስከማለት ሲደርስም ያዘዙት በአላህ መጠበቅንና ሐሳቡን እዚያው ማቆምን ነው። ስለዚህ ምስሉ ሲመጣ አትከራከሩት፣ አትመርምሩት፣ ሶላታችሁንም አታቋርጡ። በሩኩዕና በሱጁድ «ሱብሓነ» ስትሉ አላህን ከዚህ ሁሉ እያጠራችሁት ነው። ቃሉን ትርጉሙን እያሰባችሁ በሉት።

«ታዲያ ነቢዩ ጨረቃን ለምን ጠቀሱ?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ጀሪር ኢብን ዐብዲላህ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ሌሊት ወደ እርሷ ተመልክተው፣ ምእመናን ጌታቸውን ልክ ይህችን ጨረቃ እንደሚያዩ ያለ ችግር እንደሚያዩት አበሰሩ (ቡኻሪና ሙስሊም)። ዓሊሞች እንዳስረዱት እዚህ የተመሳሰለው ማየቱ ከማየቱ ጋር ነው እንጂ አላህ ከጨረቃ ጋር አይደለም። ሙሉ ጨረቃን ለማየት ማንም ማንንም አይገፋም። ደሴ ያለውም፣ ጅማ ያለውም፣ ሪያድ ለሥራ የሄደችውም በያሉበት ቀና ብለው ያዩዋታል። ይህ ግን የአኺራ ብስራት ነው። በዱንያ ሙሳ (ዐ.ሰ) ጌታቸውን ለማየት ጠይቀው፣ ተራራው ሲፈረካከስ ራሳቸውን ስተው ወድቀዋል (ሱረቱል አዕራፍ 143)።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዚያ ሌሊት ከብስራቱ አስከትለው ያነሱት፣ ፀሐይ ከመውጣቷና ከመጥለቋ በፊት ባሉት ሶላቶች እንዳንሸነፍ ነው፤ ሱብሒና ዐስር። የዛሬው ዐስር ገና አልደረሰም።